የሳንባ ጠባቂዎችና የማድ ቤት ጭስ

(ለአህጉረ ስብከት የልማት አስተባባሪዎችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለዛሬ የተሰጠኝ ርእስ የምድጃ ፕሮጀክታችን አፈጻጸም ነው። ወደ ምድጃው እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን የፕሮጀክቱን ሰነድ ስናዘጋጅ ያልጻፍነውን፣ እኔም ባለማወቄ ሰው ከጎዳሁ በኋላ የተማርሁትን አንድ ጉዳይ እንድናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት አካባቢ አንዲት እናት ለብዙ ወራት በሳል ሲሠቃዩ ቆዩ። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ጨረሱት፤ ለውጥ አልታየም። በኋላ ከሳንባቸው ናሙና ተወስዶ ወደ ውጭ አገር ተላከና ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ። ካንሰር መሆኑን ሐኪሙ ለበኩር ልጃቸው ነግሮታል። ልጁ ግን ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣና «ዲያቆን፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ ሙሉውን አንብብልኝ» አለኝ። ከግርጌው ቲፒ 53 በተባለ ዘረ መል ላይ ለውጥ መገኘቱን የሚገልጽ አንድ መስመር ነበረበት። ተረጐምሁለት። እርሱም ትንሽ ዝም ካለ በኋላ፣ «ዘረ መል ያልኸው ያው ዘር ነው? በእናቴ ዘር የመጣ ነው ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

አላውቅም ማለት ይገባኝ ነበር። የነገረ መለኮት ዲፕሎማዬ ስለ ሕዋስ ያስተማረኝ ነገር የለም። እኔ ግን የተማረ የተባለ ሰው እንደሚያደርገው «ይመስለኛል» አልሁት።

ያች አንዲት ቃል ወንዝ ተሻገረች። ሁለት ወር ሳይሞላ የታናሽ እኅቱ እጮኝነት ፈረሰ፤ የወንዱ ወገኖች ሽማግሌ ልከው በዘራችሁ ክፉ በሽታ እንዳለ ሰምተናል አሉ። እናትየው ይህን ሰምተው ነው ያረፉት።

ወረቀቱ ግን እንዲህ አላለም ነበር። ምን እንዳለ በአቅሜ ላስረዳ፤ የጎደለውን እዚህ ያላችሁት ሐኪሞች ታቃኑልኛላችሁ።

መደናገሩ ከቋንቋችን ይጀምራል። «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ለሁለት በሽታ ስንጠቀምበት ኖረናል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል በተሕዋስያን የሚመጣውንና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውን፣ በተለምዶ ቲቢ የምንለውን ማለታችን ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻውን ሲሆን ደግሞ ብዙዎች ካንሰርን ይሉበታል። ስለዚህ የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው ይተላለፍብናል ተብሎ ዕቃው ይለይበታል። አሁን ደግሞ «ዘረ መል» የሚል ቃል ስንጨምርበት፣ ከመተላለፉ ፍርሃት ሳንወጣ ወደ ዘር ሐሜት እንገባለን።

የሰውነታችን ሕዋሳት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ናቸው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የአካላችን መመሪያ ዲ ኤን ኤ በሚባል ረጅም ክር ላይ ተጽፏል። ፊደላቱ አራት ብቻ ናቸው፤ ከአንድ ወላጅ የምንቀበለው ቅጂ ግን 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። ከዚህ ጽሕፈት ውስጥ አንድን ሥራ የሚያዝዘው ክፍል ዘረ መል ይባላል። ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል መጽሐፉ በሙሉ ይገለበጣል። ብራና ሲጻፍ ያየ ሰው በመገልበጥ መካከል ምን እንደሚያጋጥም ያውቃል። «ጠባቂ» ብሎ ሊጽፍ የተነሣ ቁም ጸሐፊ እጁ ስቶ «ባ»ን በ«ላ» ቢለውጥ «ጠላቂ» ይሆናል፤ በር ላይ ቆሞ የነበረው ሰው ውኃ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በእናታችን ወረቀት ላይ የተጻፈውም ይህን የመሰለ ነገር ነው። የተለወጠው ጽሕፈት የአንድ ጠባቂ ስም ነበረ።

ሳይንቲስቶች ዕጢ ገቺ የሚሏቸው ዘረ መሎች አሉ። ከእነርሱ ዋነኛው በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው ቲፒ 53 ሲሆን፣ የሚያሠራው ፕሮቲን ፒ 53 ይባላል። ፒ 53 የሕዋሱ ዘበኛ ነው። ጽሕፈቱ ሲበላሽ ሕዋሱ እንዳይከፈል ያስቆማል፤ ጠጋኞቹን ይጠራል፤ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ሕዋሱ በሥርዓት እንዲሞት ያዝዛል። በማድ ቤትም ሆነ በመንገድ ዳር ጭስ የሚጠጣ ሳንባ ሁሉ ወዲያው ካንሰር የማይዘው እንዲህ ያሉ ጠባቂዎች ሌት ተቀን ስለሚሠሩለት ነው።

ይህ ዘበኛ መጀመሪያ የታወቀው ግን በሌብነት ተከሶ መሆኑ ይገርመኛል። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።) በ1979 ፒ 53 ሲገኝ በካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ተከማችቶ ስለ ታየ፣ ካንሰሩን የሚያመጣው እርሱ ነው ተባለ። ዐሥር ዓመት ያህል በዚህ ክስ ኖረ። በ1989 አሜሪካዊው በርት ቮግልስታይንና ባልደረቦቻቸው የአንጀት ካንሰርን ሲመረምሩ፣ በዚያው ዓመትም ሌሎች ተመራማሪዎች የሳንባ ካንሰርን ሲመረምሩ፣ ነገሩ ተገለበጠ። በካንሰሩ ውስጥ ተከማችቶ የተገኘው የተበላሸው ዘበኛ ነበር፤ ጤነኛው ግን ካንሰርን የሚከለክል ሆኖ ተገኘ። በ1992 ብሪታንያዊው ዴቪድ ሌን «የጂኖም ጠባቂ» የሚል ስም ሰጡት። የዓለም ሊቃውንት ዐሥር ዓመት ሙሉ የተናገሩትን «ተሳስተናል» ብለው ሲያቃኑ፣ እኔ አንዲት «ይመስለኛል»ን ለማቃናት ምን ያህል እንደዘገየሁ ሳስብ አፍራለሁ።

ጠባቂው እንዴት እንደሚሸነፍ ደግሞ የሙዳየ ምጽዋታችን ሥርዓት ያስረዳናል። በብዙ አጥቢያዎች ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በአንድ ሰው፣ ሁለተኛው በሌላ ሰው እጅ ይቀመጣል። ሌባ አንዱን ቢሰብር ሣጥኑ እንደተዘጋ ነው። ዕጢ ገቺ ዘረ መልም አንዱን ቅጂ ከአባት፣ ሁለተኛውን ከእናት ስለምንቀበል፣ አንዱ ቢበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ይሠራል። ይህን በ1971 ያስረዱት አልፍሬድ ክኑድሰን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ናቸው። ያጠኑት በሕፃናት ዓይን ላይ የሚወጣን ካንሰር ነበር። አንዳንዶቹ ሕፃናት አንዱ ቁልፍ ተሰብሮ ይወለዳሉ፤ ሁለተኛው ሲሰበር በለጋ ዕድሜያቸው፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ዓይናቸው ይታመማሉ። ሌሎቹ ሁለቱም ቁልፎች ደኅና ሆነው ተወልደው በኋላ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ሁለቱም ይሰበሩባቸዋል። አርቢ 1 የሚባለው የዚህ ካንሰር ዘረ መል በኋላ ሲገኝ ግምታቸው እውነት ሆነ። ምሳሌው በሁሉም ቦታ እንደማይሠራ ልጨምር። የፒ 53 ፕሮቲኖች አራት አራት ሆነው በኅብረት ስለሚሠሩ፣ አንድ የተበላሸ ዘበኛ ጤነኞቹን ባልደረቦቹን ጭምር ከሥራ ሊያስተጓጉል ይችላል።

በሳንባ ካንሰር እነዚህ ጠባቂዎች እንዴት እንደሚወድቁ በብዙ አገር ተጠንቷል። ባለ ትንንሽ ሕዋስ በሚባለው፣ ፈጥኖ በሚሰራጨው የሳንባ ካንሰር ቲፒ 53 ከሞላ ጎደል በሁሉም ሕመምተኞች ዕጢ ላይ ተበላሽቶ ይገኛል፤ አርቢ 1ም ከዐሥሩ በዘጠኙ ገደማ ጠፍቷል። ብዙ ጊዜ በትላልቅ አየር ቧንቧዎች ሽፋን ላይ በሚነሣው ዓይነት ቲፒ 53 ከመቶው ከ80 በላይ በሆኑት፣ ከዕጢዎች ሕዋስ በሚነሣውና በማያጨሱ ሰዎች ላይ በብዛት በሚታየው ዓይነት ደግሞ በግማሽ ያህሉ ተለውጦ ይታያል። የአጠፋፋቸው መንገድም አንድ አይደለም። አንዳንዱ የፊደል ስሕተት ነው። አንዳንዱ ቅጠሉ በሙሉ ተቀድዶ እንደወጣ መጽሐፍ ነው። ፒ 16 በሚባለው ሌላ ጠባቂ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊደሉ ምንም ሳይጠፋ፣ ገጾቹ ተጣብቀው እንደማይነበቡ ብራና ይሆናል። ጽሕፈቱ አለ፤ ማንም አያነበውም።

ፊደሉን ማን ለወጠው? ወደ ጭሱ የምንደርሰው እዚህ ላይ ነው። ትምባሆ፣ እንጨት፣ ኩበት፣ የድንጋይ ከሰል፣ ማናቸውም ነገር አየር አጥሮት ሲቃጠል ከሚወጡት ብዙ ነገሮች አንዱ ቤንዞፓይሪን ይባላል። ወደ ሳንባ ሲገባ ሰውነታችን ሊያስወግደው ብሎ ይለውጠዋል፤ በመለወጡ ግን ከዲ ኤን ኤ ጋር የሚጣበቅ ይሆናል። የሚጣበቀው «ጂ» በሚባለው ፊደል ላይ ነው፤ ሲገለበጥ ፊደሉ «ቲ» ተብሎ ይጻፋል። በ1996 የወጣ አንድ ጥናት ይህን ነገር በሳንባ ሕዋሳት ላይ ሞክሮ በቲፒ 53 ላይ የት የት እንደሚጣበቅ አሳየ። በ157ኛው፣ በ248ኛውና በ273ኛው ቦታ ላይ በርትቶ ተገኘ። እነዚህ ቦታዎች ደግሞ በአጫሾች የሳንባ ካንሰር ውስጥ አዘውትረው ተበላሽተው የሚገኙት ናቸው። ጭሱ በገባበት ቤት ዱካውን ትቶ ይሄዳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እመለስ። ይህ የፊደል ለውጥ የሚሆነው ሰው ከተወለደ በኋላ፣ በሳንባው ውስጥ ባለች አንዲት ሕዋስ ላይ ነው። እናት ለልጇ የምታወርሰው በእንቁላሏ ውስጥ ያለውን እንጂ በሳንባዋ ጭስ ያበላሸውን አይደለም። ከዕጢ በተወሰደ ናሙና ላይ የዘረ መል ለውጥ ተገኘ ማለት ስለ ዕጢው የተነገረ ነገር ነው፤ በደም ምርመራ ካልተረጋገጠ በቀር ስለ ቤተሰቡ የሚለው የለም። ቲፒ 53 ተበላሽቶ በውርስ የሚተላለፍባቸው ቤተሰቦች እንዳሉ አልክድም፤ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ምልክታቸውም ብዙ ዘመዶች ገና በልጅነትና በወጣትነት በልዩ ልዩ ካንሰር መታመማቸው ነው። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው። ዲያቆን አይደለም፤ የሰፈር ሽማግሌም አይደለም።

ይህን ያስረዳኝን ሐኪም ይዤ ወደዚያ መንደር ተመለስሁ። ሽማግሌዎቹን፣ የሁለቱንም ወገን ቤተሰቦች ሰብስበን ስሕተቴን ተናገርሁ። የወንዱ ወገኖች አዘኑ፤ ልጁ ግን ሌላ አግብቶ ነበር። ልጅቱ የሁሉም ንግግር እስኪያልቅ ዝም ብላ ቆይታ፣ «ዲያቆን፣ ይህን እናቴ ሳለች በነገሩን» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አባቶቼ፣ ይህ ነገር ከሕክምና ይልቅ የእኛን ቤት የሚመለከት መሆኑን ታውቃላችሁ። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን እንደሆነ መጠየቃቸውን፣ ጌታም ያን አጠያየቅ እንዳልተቀበለው በየዓመቱ እናነባለን። ከቅዳሴ በኋላ ግን በየቀብሩ ያንኑ ጥያቄ እንሰማለን፤ አንዳንዴም እኛው እንጠይቃለን። የሳንባ ካንሰር የያዘው ክርስቲያን ጠበል ሲጠመቅ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ ለቲቢ የታዘዘለትን ጨርሶ ሳሉ ያልተወው ሰው ወደ ሐኪም እንዲመለስ መንገር የንስሐ አባት ሥራ ነው። ያስተማሩኝ ሐኪም እንደሚሉት ብዙዎች ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። መዘግየት ደግሞ በዚህ በሽታ ብዙ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም ከልክ በላይ የሚሠሩ አንዳንድ ዘረ መሎችን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ቢገኙም፣ የጠፋን ጠባቂ ወደ ሳንባ ሕዋስ መልሶ የሚያቆም መድኃኒት ሐኪሞች በእጃቸው የላቸውም። በር ላይ የሚጮህን ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ የሞተን ዘበኛ ማስነሣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ የሚቀረን ዘበኛው ሳይመታ መድረስ ነው። ይህ እንደሚቻል ያሳየ አንድ ቦታ አለ። በቻይና ዩናን አውራጃ ሹዋንዌይ በምትባል አካባቢ ሴቶች ከሞላ ጎደል አያጨሱም፤ ነገር ግን በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት ሴቶች ቁጥር በአገሪቱ ከታዩት ሁሉ የከፋ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲፈለግ በቤት ውስጥ፣ ጭስ መውጫ በሌለው የምድር ጉድጓድ ላይ የሚነድደው ጭሳም የድንጋይ ከሰል ነበር። ከማያጨሱ ሰዎች ዕጢ ውስጥ የቲፒ 53 ጽሕፈት ሲነበብም ያው «ጂ»ን በ«ቲ» የመለወጥ ዱካ በርትቶ ተገኘ። ሰዎቹ ከሰሉን አልተዉትም፤ ሌላ የላቸውምና። ምድጃውን ግን ለወጡ፤ ጭሱን ከቤት የሚያወጣ ቧንቧ ያለው ምድጃ አስገቡ። ከ21 ሺህ በላይ ገበሬዎችን ከ1976 እስከ 1992 የተከታተለና በ2002 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ምድጃቸውን በለወጡት ዘንድ በሳንባ ካንሰር የመያዝ አደጋ በወንዶች በ41 ከመቶ፣ በሴቶች በ46 ከመቶ ቀነሰ። ለውጡ ጐልቶ የታየው ግን ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። ስለ ወጡ እውነት ነው። ስለ ሳንባ ግን የሹዋንዌይ ሰዎች ሌላ መስክረዋል።

የእኛ እናቶች የሚያነድዱት እንጨት፣ ኩበትና ከሰል እንጂ የድንጋይ ከሰል አይደለም። ልዩነቱን መደበቅ አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የድንጋይ ከሰልን የቤት ውስጥ ጭስ ካንሰር ማምጣቱ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ጋር ሲመድበው፣ የእንጨትና የመሳሰለውን ጭስ የመደበው ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ጋር ነው። ስለዚህ «እንጨት ያነደደች ሁሉ ካንሰር ይይዛታል» ብላችሁ እንዳትሰብኩ። ሕፃናትን ለሳንባ ምች፣ እናቶችን ለማያቋርጥ የሳንባ ሕመም መዳረጉ ግን ያለ ጥርጥር የታወቀ ነው፤ ቤንዞፓይሪንም በእንጨት ጭስ ውስጥ አለ።

አንድ ቄስ ባለፈው «ዕጣንስ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ዛሬም የሚያስብ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሚቃጠል ነገር ሁሉ ጭስ አለው። ጉዳቱን የሚወስነው መጠኑ፣ ጊዜውና አየሩ ነው። በከፍተኛ ጣሪያ ሥር፣ በሮች ተከፍተው የሚታጠን ዕጣን፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት በየቀኑ ለሰዓታት ከሚጠጣ ጭስ ጋር አንድ አይደለም። በር ዘግቶ በጠባብ ክፍል ውስጥ ማጠንን ግን አልመክርም።

እንግዲህ ምድጃው። እስከ ዛሬ የላክናቸውን ሪፖርቶች መለስ ብዬ አነበብኋቸው። ስንት ምርት ምድጃ እንዳከፋፈልን፣ ስንት ሸክም እንጨት እንደተረፈ፣ ስንት ዛፍ እንደዳነ ጽፈናል። መልካም ነው፤ ምርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨትን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድም ቦታ አልጻፍንም። ጭሱ የሚቀንስ ቢሆንም ቀሪው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሹዋንዌይን የለወጠው ደግሞ ጭሱን ወደ ውጭ ያወጣው ቧንቧ ነው።

የእናቶቻችንም ተቃውሞ ከንቱ አይደለም። ጭስ ባይኖር የሣር ክዳኑን ምስጥ ይበላዋል ይላሉ፤ እውነት አላቸው። የጋለ ቧንቧ በሣር ክዳን መካከል ማውጣትም ቤት ያቃጥላል። ስለዚህ ቧንቧ የምንተክለው ማድ ቤቱ ከመኖሪያው ተለይቶ በቆርቆሮ በተሠራበት ቦታ ይሁን፤ ያ በሌለበት በትይዩ ሁለት መስኮት መክፈት፣ ደረቅ እንጨት ማንደድ፣ እንጀራ ሲጋገር ሕፃኑን ከጀርባ አውርዶ ለሌላ ሰው መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም።

የምለምናችሁ ግን ከቤተ ልሔም እንድንጀምር ነው። ኅብስቱ የሚጋገርበት ቤት በብዙ አጥቢያዎች ጠባብ፣ በሩ አንድ፣ ጣሪያው ጥላሸት የለበሰ ነው። እኔ ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ እዚያ አድሬ ዓይኔን እያሸሁ ወደ ቅኔ ማኅሌት እገባ ነበር፤ ዛሬም ታናናሾቼ ዲያቆናት እዚያው ናቸው። ምእመናን የካህናቱን ምድጃ አይተው የራሳቸውን ይለውጣሉ፤ ከሥልጠናችን ይልቅ ይህ ይሰማል።

በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሪፖርት ቅጽ ላይ «ጭሱ በየት ይወጣል?» የሚል አንድ ዓምድ ጨምረናል። ባዶ ሆኖ ቢመለስ አንቆጣም፤ ባዶ መሆኑን ማወቅ እንፈልጋለን። የቤተ ልሔም ምድጃው ንድፍ ከቅጹ ጋር ተያይዟል፤ ግንበኛ ያላችሁ አጥቢያዎች ከምሳ በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።